ካላንደራችሁ የቅዳሜውን ፕሮግራም ለምን ዓርብ ማታ ያሳየዋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጅማ ውስጥ ያለን አነስተኛ የወጣቶች ማህበር ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጆችን እናስነብባለን። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ የአባላት ስብሰባ አለን። አልፎ አልፎ ደግሞ ችግኝ ተከላና ወደ ጅሬን የእግር ጉዞ እናዘጋጃለን። ዌብሳይታችን በዎርድፕረስ የተሰራ ነው። ነፃ ካላንደር ላስገባ ብዬ የራሴን ጉግል ካላንደር ለሕዝብ ክፍት አድርጌ ኮዱን ገጹ ላይ ለጠፍኩት። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲወጣልኝ ታይም ዞኑን ወደ ቦነስ አይረስ ቀየርኩት። እኔ የማስገባው በትክክል ይወጣል። አብራኝ የምትሰራው ልጅ ከስልኳ ስታስገባ ግን የቅዳሜው ጠዋት 3 ሰዓት ዓርብ 9:00 ፒኤም ሆኖ ይታያል። ስልክ ላይ ደግሞ ግማሹ ይቆረጣል። የምናውቀው አንድ ልጅ ‹ነፃ ስለሆነ ነው፣ የሚከፈልበት ፕለጊን ግዙ› አለን። እውነት ነው? ምን ይሻለናል?»

አይ፣ ነፃ ስለሆነ አይደለም። የሚከፈልበት ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ሶፍትዌር) ብትገዙና ታይም ዞኑን እንደዚሁ ብታዞሩት፣ ቅዳሜያችሁ ዓርብ ማታ መውጣቱን አይተውም። ካላንደሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ችግሩ ሁለታችሁ በተለያየ ሰዓት እያዘዛችሁት መሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች። ቦነስ አይረስ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው በፈረንጅ 9:00 ኤኤም ስለሆነ፣ በዚያው ቅጽበት ቦነስ አይረስ ላይ ሰዓቱ 3:00 ይላል። ዘዴዋ ብልህ ናት፣ አልክድም። ጓደኛሽ ግን የምታስገባው ከስልኳ ነው፤ የስልኳ ሰዓት ደግሞ የአዲስ አበባ ነው። እሷ ቅዳሜ 3:00 ኤኤም ብላ ስትጽፍ ካላንደሩ የተረዳት ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብሎ ነው። በዚያ ሰዓት ቦነስ አይረስ ገና ዓርብ ናት፣ ሰዓቱም 9:00 ፒኤም። ገጻችሁ ላይ ያያችሁት ይሄንን ነው።

«እሷ ከስልክ አታስገባ፣ እኔ ብቻ ላስገባ» ብትዪም አያዋጣም። ያንቺም ቢሆን ትክክል የሚመስለው ለቀን ፕሮግራም ብቻ ነው። የጅሬኑን ጉዞ እንውሰድ። እሁድ ንጋት 11:30 ተገናኝተን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንወጣለን እንበል። 11:30 ኤኤም ብለሽ ካስገባሽው ገጹ ላይ 11:30 ይላል፣ ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ አባል ፕሮግራሙን ወደ ራሱ ስልክ ካላንደር ቢወስደው ስልኩ የሚያስታውሰው እሁድ ማምሻውን 11:30 ላይ ነው። ሰዎቹ ተራራውን ወጥተው፣ ወርደው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ ማለት ነው። በትክክል ለማስገባት ከፈለግሽ ቅዳሜ 11:30 ፒኤም ብለሽ መጻፍ ነበረብሽ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገጹ ላይ የእሁዱ ጉዞ ቅዳሜ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የምሽት ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ማታ 1 ሰዓት ያላችሁት 1:00 ፒኤም ሆኖ ይወጣል። ኤኤምና ፒኤምን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያንን ከቀኑ 7 ሰዓት ብሎ ነው የሚያነበው፤ እናም በጠራራ ፀሐይ መጥቶ በር ያንኳኳል።

ስለዚህ ታይም ዞኑ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ። የሚመለሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋር ነው። የአካውንቱ ጠቅላላ ሴቲንግ ውስጥ አንድ ታይም ዞን አለ። የዚያ ካላንደር የራሱ ሴቲንግ ውስጥ ሌላ አለ። ገጹ ላይ የለጠፋችሁት ኮድ ውስጥ ደግሞ በዚያን ጊዜ የነበረው ታይም ዞን ተጽፎ ቀርቷል። ሴቲንጉን ቀይራችሁ ኮዱን እንዳለ ከተዋችሁት ገጹ ቦነስ አይረስን እያሳየ ይቀጥላል፤ አዲስ ኮድ ኮፒ አድርጋችሁ አሮጌውን መተካት አለባችሁ። የዎርድፕረሱን ሴቲንግም እግረ መንገዳችሁን እዩት፤ እዚያም የሰዓት ምርጫው አዲስ አበባ ቢሆን ለሌላ ነገር ሁሉ ይጠቅማችኋል።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ታይም ዞኑ ሲመለስ አንቺ ያስገባሽው የቅዳሜ ንባብ በራሱ ይስተካከላል፣ 9:00 ኤኤም ሆኖ ይወጣል። መስተካከል የሚያስፈልገው የጓደኛሽ ነው፤ እሱ 3:00 ኤኤም ሆኖ ቁጭ ይላል። የሷን አንድ በአንድ በእጅ አርሙ። በየሳምንቱ እንዲደገም ያደረግሽውን ፕሮግራም ግን አጥፍተሽ እንደ አዲስ አስገቢው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የተፈጠረበትን ታይም ዞን ይዞ ነው የሚሄድ፤ አርጀንቲና አንድ ቀን ሰዓቷን ብትቀያይር የጅማ ልጆች ንባብ አብሮ ሊዛነፍ አይገባም።

«ታዲያ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንዴት እናሳይ?» ካላችሁ፣ መልሱ ቀላል ነው። ርዕሱ ላይ ጻፉት። ካላንደሩ የሚያሰላበት ሳጥን ውስጥ የፈረንጁን ሰዓት አስገቡ፣ ለሰው የሚነበበውን ደግሞ በፊደል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የልጆች ንባብ» ብላችሁ ርዕስ ስጡትና ሰዓቱን 9:00 ኤኤም አድርጉት። ሰዓቱ ከርዕሱ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ስልክ ላይ ረጅም ርዕስ ከኋላው ይቆረጣል። ጅማ ላይ ስለሆናችሁ በአፋን ኦሮሞም መጻፍ ትፈልጉ ይሆናል። መልካም ነው፣ ግን ሁለቱንም ርዕሱ ላይ አታጭቁ፤ አንዱን ርዕስ፣ ሌላውን ማብራሪያው ውስጥ አድርጉት። «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚለውን ቃል ደግሞ በፍጹም አትርሱ። ባዶ «8 ሰዓት» የሚል ርዕስ 8:00 ኤኤም ካለ ሳጥን አጠገብ ሲቀመጥ ማን እንደሚያምን መገመት አይቻልም።

ቀኑንስ? ለአንድ ጊዜ ፕሮግራም የሀገራችንን ቀን ርዕሱ ላይ ጨምሩ፣ «ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ችግኝ ተከላ» እንደሚባለው። በየሳምንቱ በሚደገም ላይ ግን ቀን አታስገቡ፤ የአንዱ ሳምንት ቀን በሁሉም ላይ ይደገማል። ሰዓቱ ብቻ ይበቃል። ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ቀን ሲዛወርም ሳጥኑን ቀይራችሁ ርዕሱን እንዳትረሱ። ይሄ የዘዴው ድክመት ነው፣ ሁለት ቦታ ማረም ይጠይቃል።

አሁን ወዳልጠየቃችሁት፣ ግን ከሰዓቱ የባሰ ወደሚያስቸግራችሁ ነገር ልምጣ። «ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ» የሚለው ስብሰባችሁ። ጉግል ካላንደር ላይ «በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ» የሚል የመድገሚያ ምርጫ አለ፣ ዓይናችሁ ያርፍበታል። አትንኩት። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። የ2018ን መስከረም ውሰዱ፤ የመጀመሪያው እሁድ መስከረም 4 ነበር፣ ያም ሴፕቴምበር 14፣ የፈረንጁ ወር ሁለተኛ እሁድ። ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው እሁድ ጥቅምት 2 ነበር፣ ኦክቶበር 12፣ አሁንም ሁለተኛ እሁድ። «እንግዲያው ሁለተኛው እሁድ ልበለው» ትላላችሁ። ኅዳር ላይ የመጀመሪያው እሁድ ኅዳር 7 ነበር፣ ኖቬምበር 16፣ ሦስተኛ እሁድ! ቋሚ ሕግ የለውም። ካላንደሩ በራሱ እንዲደግመው ካደረጋችሁት፣ ሁለት ወር በትክክል ሄዶ፣ እናንተም አምናችሁት፣ በሦስተኛው ወር አባላት በባዶ አዳራሽ ይሰበሰባሉ።

በቀን የሚቆጠር ነገር ካላችሁም እንዲሁ ነው፤ ወር በገባ በ21 የሚደረግ ዝክር ወይም የዕድር መዋጮ አለ እንበል። «በየ30 ቀኑ» ቢባል ከመስከረም እስከ ነሐሴ ልክ እንደ ሰዓት ይሄዳል፣ ወሮቻችን 30 ቀን ናቸውና። ከዚያ ጳጉሜ ትመጣለች። ከነሐሴ 21 ተነስቶ 30 ቀን የሚቆጥር ካላንደር መስከረም 16 ላይ ያርፋል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት በ2019 ደግሞ መስከረም 15 ላይ። ዓመታዊ በዓላትም ቢሆኑ አይታመኑም። መስቀል በ2016 ሴፕቴምበር 28 ዋለ፣ በ2017 ወደ 27 ተመለሰ። ኢድንማ «በየዓመቱ ድገም» ማለት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ የሂጅራው ዓመት ወደ 11 ቀን ገደማ ያጥራል፣ ትክክለኛው ቀን ደግሞ ጨረቃ ሲታይ ነው የሚረጋገጠው። ጅማ ላይ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ይሄንን ቀድሞ ካላሰበ ስብሰባውን በዓል ላይ ይጥለዋል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፣ ግን ይሰራል። በየሳምንቱ የሚሆነውን ብቻ ድገም በሉት፤ ቅዳሜ በሁለቱም አቆጣጠር ቅዳሜ ነው። ወርሃዊውን ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሁለት ሆናችሁ ቁጭ በሉና የቀጣዩን ዓመት 12 እሁዶች ከግድግዳው ካላንደር እያያችሁ አስገቡ። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየውን የግድግዳ ካላንደር ማለቴ ነው፣ በየሱቁ የሚሸጠውን። አንዳችሁ ታነባለች፣ አንዳችሁ ትጽፋለች፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ዝርዝራችሁ ከበዛ ጉግል ሺት ላይ አዘጋጅታችሁ በሲኤስቪ ፋይል (ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) በአንዴ ማስገባት ይቻላል፤ ይሄ የሚሰራው ከኮምፒውተር ነው። እዚያ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። የዓምዶቹ ርዕስ ጉግል በሚያውቀው እንግሊዝኛ መሆን አለበት። ቀኑ ሲጻፍ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል፤ 10/12 ኦክቶበር 12 ነው እንጂ ዲሴምበር 10 አይደለም። አንዱን ፋይል ሁለቴ ካስገባችሁ ደግሞ ሁሉ ነገር ድርብ ድርብ ሆኖ ይወጣል። በሁለት መስመር ብቻ ሞክሩትና ከወጣላችሁ ቀሪውን ላኩ።

የራስሽን ጂሜይል ካላንደር ለሕዝብ ከፍተሻል። ይሄ ዛሬውኑ መዘጋት ያለበት ነው፣ ይሄንን አንብበሽ ከመጨረስሽ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል። የሐኪም ቀጠሮሽ፣ የቤት ኪራይ የምትከፍይበት ቀን፣ መቼ ከከተማ እንደምትወጪ፣ ሁሉም የማህበሩን ገጽ ለከፈተ ሰው ክፍት ነው። ገጹ ላይ የተለጠፈው ካላንደር አንቺ የፈለግሽውን ብቻ መርጦ አያሳይም፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ነው የሚያሳየው። ለማህበሩ የተለየ ካላንደር ፍጠሩ፣ ከኮምፒውተር ብሮውዘር እንጂ ከስልክ አፕ አትሞክሩት። ለሕዝብ የሚከፈተው ያኛው ብቻ ነው። ሲከፈት «ሙሉ ዝርዝር ይታይ» የሚለው መመረጡን አረጋግጡ። «ነፃ ወይስ ቢዚ» የሚለው ብቻ ከተመረጠ ገጹ ላይ በየቀኑ «ቢዚ፣ ቢዚ» የሚል ይደረደራል፣ ሰውም ማህበሩ ምን እንደያዘው ግራ ይገባዋል። አካውንቱ የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ከሆነ ይሄ ምርጫ በአስተዳዳሪው ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የምትታገሉት ከካላንደሩ ጋር ሳይሆን ከአይቲ ክፍሉ ጋር ነው።

ይሄ ካላንደር በማን ስም ይሁን? በማህበሩ። በአንድ በጎ ፈቃደኛ ጂሜይል የተፈጠረ ካላንደር ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ሲገባ አብሮት ይሄዳል። ለማህበሩ አንድ አካውንት ክፈቱ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩበት፣ የይለፍ ቃሉ ሊቀመንበሯም ጸሐፊዋም ጋ ይኑር። ከዚያ አንቺና ጓደኛሽ በየራሳችሁ ጂሜይል የማረም ፈቃድ ይሰጣችሁ፤ የማህበሩን የይለፍ ቃል በየስልኩ መበተን አያስፈልግም። አካውንቱ ውስጥ አልፎ አልፎ መግባትም አትርሱ። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል ፖሊሲው ውስጥ አስቀምጧል።

ለሕዝብ በተከፈተ ካላንደር ላይ የማይጻፍ ነገርም አለ። የአባል ስልክ ቁጥር፣ የልጆች ስም፣ የኦንላይን ስብሰባ ሊንክ። ልጆች በየሳምንቱ በስንት ሰዓት የት እንደሚሰበሰቡ ለዓለም ስትናገሩ ቢያንስ ቦታውን «የማህበሩ ቤተ መጻሕፍት» ብላችሁ አሳጥሩት፤ ወላጅ ቦታውን ያውቀዋል። ካላንደሩ ሴቲንግ ውስጥ «ሚስጥራዊ አድራሻ» የሚል ሊንክ ታያላችሁ። እሱ ገጹ ላይ አይለጠፍም፣ ለማንም አይላክም። ካመለጣችሁ ሪሴት የሚል ምርጫ አጠገቡ አለ፣ ተጫኑት።

ስልክ ላይ መቆረጡ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ኮዱ ሲሰጣችሁ ስፋቱ 800 ፒክስል ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ለኮምፒውተር ስክሪን የታሰበ ነው። ኮዱ ውስጥ ስፋቱን የሚናገረውን 800 ፈልጉና በ100 ፐርሰንት ተኩት። ከዚያ ግን አታቁሙ። በወር ሰንጠረዥ የሚታየው ካላንደር ስልክ ላይ ቢገባም አይነበብም፤ ትናንሽ ሳጥኖች፣ በያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ፊደል። ኮዱን ከመውሰዳችሁ በፊት ማስተካከያ ገጹ ላይ እይታውን ከወር ወደ ዝርዝር ቀይሩት፤ አጀንዳ ወይም ስኬጁል ይለዋል። ፕሮግራሞቹ ከላይ ወደ ታች በየቀናቸው ይደረደራሉ፣ ርዕሱም ቦታ ያገኛል። እኛ ሀገር ገጻችሁን የሚያየው ሰው አብዛኛው በስልክ ነው፤ የወሩን ሰንጠረዥ የሚያምር ነው ብሎ ማስቀመጥ ለራስ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ኮዱ የሚለጠፈው ዎርድፕረስ ላይ «ከስተም ኤችቲኤምኤል» በሚለው ብሎክ ውስጥ ነው። ተራ አንቀጽ ውስጥ ከለጠፋችሁት ኮዱ እንደ ጽሑፍ ተዘርግቶ ይታያል። ለጥፋችሁ ሴቭ ስታደርጉ ድራሹ ከጠፋ ደግሞ የተበላሸ ነገር የለም። የገባችሁበት አካውንት ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፤ ዎርድፕረስ እንዲህ ዓይነት ኮድ የሚቀበለው ከአድሚን ወይም ከኤዲተር ነው፣ ከተራ ጸሐፊ ሲመጣ ለደህንነት ብሎ ይሰርዘዋል። አድሚኑ ገብቶ ይለጥፈው።

የተለጠፈው ካላንደር በገጻችሁ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ቤት የጉግል ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ኔትወርኩ ሲደክም ገጻችሁ ይከፈትና ካላንደሩ ቦታ ላይ ነጭ ባዶ ሳጥን ይቀራል። በዳታ ለሚገባ ሰውም ከተራ ጽሑፍ የበለጠ ይበላበታል። ሁለተኛ፣ መስኮቱ ውስጥ የተጻፈው የናንተ ገጽ ጽሑፍ ተደርጎ አይቆጠርም፤ አንድ ሰው «ጅማ የልጆች ንባብ» ብሎ ቢፈልግ ካላንደሩ ውስጥ በመኖሩ ብቻ ገጻችሁን አያገኘውም። ስለዚህ ከካላንደሩ በላይ የሚቀጥሉትን ሁለት ሦስት ፕሮግራሞች በተራ ጽሑፍ ጻፏቸው፣ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት። ትልቅ ዝግጅት ሲሆን የራሱን ገጽ ስጡት። ያንኑ ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ፖስት አድርጉ፣ ፒን አድርጉት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አባሎቻችሁ የሚያዩት ቴሌግራሙን ነው። ዌብሳይቱ የሚያስፈልገው ለማያውቃችሁ ሰው ነው፤ ልጁን ሊልክ ለሚያስብ ወላጅ፣ መጽሐፍ ሊለግስ ለሚፈልግ ሰው። እሱ ሲገባ ማየት ያለበት ደግሞ ማህበሩ በሕይወት መኖሩን ነው። የመጨረሻው ፕሮግራም ያለፈው ዓመት የሆነ ካላንደር ከምንም ካላንደር ይብሳል፣ «እነዚህ ተዘግተዋል» ነው የሚለው። በየሳምንቱ ዓይን የሚጥልበት አንድ ሰው በስም ካልተመደበ አታስገቡት፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ኑ» የሚል አንድ መስመር ጽፋችሁ ተዉት።

ወደ ፕለጊኑ ልመለስ። ልጁ ክፉ አላሰበም፣ ግን ምርጫው ለናንተ አይሆንም። በብዛት የሚታወቀው ዘ ኢቨንትስ ካላንደር የሚባለው ነው፤ ነፃው ጥሩ ነው፣ ገጻችሁ ውስጥ ስለሚኖርም ያልኩት የመስኮት ችግር የለበትም፣ ጉግል ላይም ይፈለጋል። ነገር ግን ነፃው ፕለጊን ፕሮግራም አይደግምም። የየሳምንቱን ቅዳሜ አንድ በአንድ ማስገባት ሊኖርባችሁ ነው፣ መድገም የሚችለው የሚከፈልበት ነው። ክፍያው በዶላር፣ በየዓመቱ፣ በውጭ ካርድ ነው። ከጅማ ሆኖ ይሄንን መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። «ለ14 ቀን ነፃ፣ ካርድህን አስገባ» የሚሉ ሌሎችም ይመጣሉ፤ ካርድ የሚጠይቅ ነፃ ነገር ነፃ አይደለም። ፕለጊን ደግሞ አፕዴት ይፈልጋል። ሳይታደስ የቆየ ፕለጊን ገጽ የሚጠለፍበት አንዱ በር ነው፣ በእናንተ በኩል ያንን የሚከታተል ሰው ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ግን አዲስ በር አትክፈቱ። ዌብሳይታችሁ በዎርድፕረስ ዶት ኮም ነፃ ፕላን ላይ ከሆነማ ነገሩ ከመጀመሪያውም አይነሳም፣ እዚያ ፕለጊን አይጫንም።

እንግዲህ የኔ ምክር ይሄ ነው፣ ብዙም አላመነታበትም። ጉግል ካላንደሩን አትተዉ። በማህበሩ አካውንት የተለየ ካላንደር፣ አዲስ አበባ ታይም ዞን፣ በዝርዝር እይታ፣ ስፋቱ 100 ፐርሰንት። የእኛ ሰዓት ርዕሱ ላይ። ሳምንታዊው ይደገም፣ ወርሃዊው በእጅ ይግባ። ከላዩ ላይ ሦስት መስመር ጽሑፍ። የሚያስገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ስልካቸው ላይ የሚጽፉት የፈረንጁን ሰዓት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት 9 ኤኤም፣ ከሰዓት 8 ሰዓት 2 ፒኤም፣ ማታ 1 ሰዓት 7 ፒኤም» ብላችሁ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አንድ ሰው በስህተት ፕሮግራም ቢያጠፋ አትደንግጡ፣ ለ30 ቀን ያህል ትራሽ ውስጥ ይቆያል።

ሰው መመዝገብ ካለበት፣ ለጅሬኑ ጉዞ እንበል፣ ጉግል ፎርም ሠርታችሁ ሊንኩን ማብራሪያው ውስጥ አስገቡ፤ ለዚህ ሲባል ፕለጊን አይገዛም። ቲኬት ሽያጭና የተቆጠረ ወንበር የሚጠይቅ ዝግጅት ማዘጋጀት ስትጀምሩ ግን ይሄ አሠራር ይጠባችኋል፣ ያን ጊዜ ፕለጊኑን አንሱት። የጻፋችሁትም አይጠፋም። ከካላንደሩ ሴቲንግ ውስጥ ኤክስፖርት የሚለውን ስትጫኑ ሁሉም ፕሮግራም በአይሲኤስ ፋይል ይወርዳል፣ ይሄንን ፋይል ሌሎች የካላንደር ሲስተሞችም ያነቡታል። ይሄም ከኮምፒውተር ነው የሚሠራው።